ሁለት ልጅ ለአንድ ጦር

ዩናን፣ ሺኬ ጦር ሰፈር
ሹዋንዴ በነገሡ በአምስተኛው ዓመት፣ ሁለተኛ ወር

ለተከበሩ አክስቴ፣ ለእሜቴ ሉዎ፦

ካለሁበት ተራራ ሆኜ ግንባሬን መሬት አስነክቼ እጅ እነሣለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? የሩዝ ማሳው ውኃ አገኘ? ልጅዎ ዮንግቼንስ? መቼም ሃያ ሊሞላው ነው፤ ጢም ሳያበቅል አልቀረም። አባቶቻችን ቤትዎን ከክፉ ይጠብቁልኝ። እኔ፣ ባለቤቴና ልጄ ማዎሊን አለን፤ እንተነፍሳለን።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ የአገራችን ሰው፣ መድኃኒት ነጋዴው ፌንግ ነው። ከዚህ እናንተ ዘንድ ለመድረስ አምስት ወር ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ጉዳዬን ልናገር።

አምና ድልድይ ስንሠራ ግንድ ወድቆ ግራ ጉልበቴን ሰበረኝ። ድኗል፣ ግን አይታጠፍም። አዛዡ በሰልፍ ላይ ሳነክስ አይቶ "ኬ ሹንፉ፣ አንተን የሚገድልህ ጠላት ሳይሆን ደረጃ ነው" አለኝ፤ ሰዉ ሁሉ ሳቀ። በሚቀጥለው ዓመት በስምንተኛው ወር ከመዝገብ እሰረዛለሁ። እኔ ልሰረዝ እንጂ ቦታዬ አይሰረዝም። የኬ ቤት አንዴ የወታደር ቤት ተብሎ ተጽፏል፤ አንዱ ሲሞት ወይም ሲደክም ሌላው ይተካል፣ እስከ ልጅ ልጅ ድረስ።

መጀመሪያ የተወሰዱት የኔ አያት ናቸው። ያን ጊዜ ሁለቱ ወንድማማቾች በአባቶች ፊት ተማምለው "ቀጣዩ ከታናሹ ቤት ይሆናል" ተባባሉ። ታናሹ ቤት የእናንተ ቤት ነው። አያቴ ሲሞቱ ግን አጎቴ፣ የእርስዎ ባለቤት፣ አዲስ ሙሽራ ነበሩ። ሽማግሌዎቹ "ያላገባው ይሂድ" አሉ። ያላገባሁት እኔ ነበርኩ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ሄድኩ። አሁን ግን ተራው የእናንተ ነው። ዮንግቼን ይምጣና ማዎሊንን ልላክልዎ። ከመምህር ጎንግ ዘንድ ይማር፣ የአያቶቹንም መቃብር ይጥረግ። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ አገሩን የሚያውቀው በወሬ ብቻ ነው።

መልስዎን አደራ።

ልጅዎ ሹንፉ


ጂያንግሺ፣ ፋንግታንግ መንደር
በዚያው ዓመት፣ ዘጠነኛ ወር

ለልጃችን ለሹንፉ፦

አባቶች ከፍ ያድርጉህ፤ ሚስትህን ጤና፣ ልጅህን ቁመት ይስጡልህ። ደብዳቤህን መምህር ጎንግ ሲያነቡልኝ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ሰማ። "ሹንፉ አለ!" ተባለ፤ አሮጊቶቹ አለቀሱ። ይህንንም የሚጽፉልኝ እሳቸው ናቸው፤ የድካማቸውን እንቁላል እሰጣለሁ።

የጉልበትህ ነገር በጣም አሳዝኖኛል። ዝንጅብል ወቅጠህ በሞቀ የሩዝ ጠጅ ለውሰህ እሰርበት፤ ቅዝቃዜ አታስነካው፤ ሲያሳክክህ አትፎክተው። ድርብ ሶል ያለው ጫማ በእጄ ሰፍቼ ልኬልሃለሁ። የደረቀ የቀርከሃ ቡቃያና በጨው የታሸ ጎመንም አለበት። ፌንግ መንገድ ላይ እንዳይበላብህ ቁጠረው።

ዘንድሮ ዝናቡ ዘግይቶብናል። የአባቶች አዳራሽ ጣሪያ ያፈሳል። አሳማዋ ወልዳለች። የድልድዩ ማዶ አሮጌው ሹ ሞተ፤ የምታስታውሰው ያ መንተባተብ የሚያበዛው።

ያነሣኸው ጉዳይ ትልቅ ስለሆነ ሽማግሌዎች ይመክሩበታል። አሁን ሁሉም በአዝመራ ተይዟል። ዮንግቼንንም ትንሽ ሳል ያስቸግረዋል።

ሰላም ሁን ልጄ።

አክስትህ ሉዎ


ሺኬ ጦር ሰፈር
በስድስተኛው ዓመት፣ ሦስተኛ ወር

ለተከበሩ አክስቴ፦

ጤናና ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ጫማው ልክ ሆኖኛል። ጎመኑን ባለቤቴ ደብቃ በየቀኑ ቁንጥር ቁንጥር እያደረገች ታበላኛለች። እጅዎ ይባረክ።

ስለ አሳማዋ ሰማሁ፣ ስለ ጣሪያው ሰማሁ፣ ስለ አሮጌው ሹ ሞትም ሰማሁ። የጠየቅኩትን ግን አልሰማሁም።

ፌንግን "ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ ወይ?" ብዬ ጠየቅኩት። አፈረ። ጠጅ ቀዳሁለት፤ አሁንም አፈረ። በሦስተኛው ጽዋ ላይ "እኔ የማውቀው ሠርግ ነው" አለኝ። "የማን ሠርግ?" ብለው፣ "የዮንግቼን። ግን ሙሽሪት ወደ ሙሽራው ቤት አልመጣችም፤ ሙሽራውን ነው ተሸክመው ሙሽሪት ቤት ያስገቡት። ዘይት መጭመቂያ ያለው ታን ወንድ ልጅ የለውም አይደል? መንገድ ላይ ልጆች ይስቁበት ነበር" አለኝ።

አክስቴ፣ እኔ ፌንግን ማመን አልፈለግኩም። በሚስቱ ቤት የገባ ሰው የአማቱን ስም እንደሚይዝ፣ ስሙም ከወታደር ቤት እንደሚወጣ ሁላችንም እናውቃለን። እውነት ከሆነ እውነት ነው ይበሉኝ። ሐሰት ከሆነም ይንገሩኝ፤ ፌንግን በምርኩዜ አባርረዋለሁ። የምሰረዝበት ቀን እየቀረበ ነው፤ አዛዡ ማዎሊንን በሰልፍ ሜዳ ዳር ባየው ቁጥር በዓይኑ ይመዝነዋል።

ሹንፉ


ፋንግታንግ
በስድስተኛው ዓመት፣ አሥረኛ ወር

ለሹንፉ፦

ጤና ይስጥልኝ። ፌንግን አታባርረው፤ እውነቱን ነው የነገረህ።

መምህር ጎንግ "ይህን ለስለስ አድርገን እንጻፈው" ይላሉ። እኔ እንደምናገረው ጻፉ፣ አለበለዚያ እንቁላሉን መልሱ ብያለሁ።

ሦስት ወንድ ወልጃለሁ። ሁለቱን ፈንጣጣ ወሰደብኝ፤ ባሌን ወንዝ ወሰደብኝ። የቀረኝን አንዱን ደግሞ አንተ "ተራው ነው" ብለህ ትጠራዋለህ። ተራውን የቆረጡት ሰዎች ሁሉ ሞተዋል፣ ሹንፉ! ሲስማሙ እኔ አልነበርኩም፤ እዚህ ቤት ገና አልገባሁም ነበር። ልጄን ታን አደረግኩት። የሻይ ዘር ዘይት ይጨምቃል፤ ሲመሽ ከአጥሩ ማዶ ድምፁን እሰማለሁ። አንተም በኔ ቦታ ብትሆን ታደርገው ነበር።

ማዎሊን ጦሩን ይሸከም። እዚያ ተወለደ፣ የተራራውን ብርድ ገላው ለምዶታል። ያላየውን አገር አይናፍቅም። የኔ ልጅ ወደዚያ ቢመጣ በሁለተኛው ክረምት ትቀብረዋለህ።

ልጅህን ወደዚህ አትላክ። የማስተኛበት አልጋ የለኝም።

ሉዎ


ፋንግታንግ
በሰባተኛው ዓመት፣ ሁለተኛ ወር

ሹንፉ፣

ይህ ደብዳቤ ሰላምታ የለውም።

አዲሱ ዓመት ገብቶ ገና የበዓሉ ቀይ ወረቀት ከበራችን ሳይላጥ የአውራጃው ሎሌዎች መጡ። በቀጥታ ወደ ዘይት መጭመቂያው ሄዱ። ታን የጋብቻውን ውል አውጥቶ "ይኸው፣ ይህ ልጅ ታን ነው፣ የኔ ልጅ ነው" አለ። አለቃቸው ወረቀቱን ሳያነብ እጁን ጠረገበት። "በርሜሉ ላይ የፈለግከውን ስም ለጥፍ" አለው፤ "ዘይቱ ከየት እንደመጣ እኛ እናውቃለን።"

አንገቱን በሳንቃ ከርችመው ወሰዱት። እስከ ወንዙ ተከተልኳቸው። ዮንግቼን "እማዬ፣ ተመለሺ፣ ጫማሽ ረጠበ" ይለኛል፤ የሱ አንገት በእንጨት ተይዞ የኔ ጫማ ያሳስበዋል!

ከዚያ ወዲህ ታን ልጅቱን ደብቆ "ጋብቻው ፈርሷል" ብሏል። የወታደር ሚስት ባሏን ትከተል የሚል ትእዛዝ ስላለ ፈርቶ ነው። ትናንት "ልጄ" ይለው የነበረውን ዛሬ ስሙን መጥራት አይፈልግም።

አዲሱን ስሙንና ያለበትን ቤት ማን ነገራቸው? ከዚህ መንደር ማንም አይናገርም። የጻፍኩልህ ላንተ ብቻ ነው።

ደስ ይበልህ። ተራህን አገኘህ።


ሺኬ ጦር ሰፈር
በሰባተኛው ዓመት፣ ሰባተኛ ወር

ለተከበሩ አክስቴ፦

የተቆጣ ሰው ሰላምታ ባይፈልግም እኔ ጤናዎን እጠይቃለሁ።

ልጅዎ ደርሷል። በሕይወት ነው። አስቀድሜ ይህን ልጻፍ።

ያለፈውን ደብዳቤዎን፣ ያንን የአልጋውን፣ ባገኘሁ ጊዜ መልስ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። እንደገና ጽፌ እንደገና ቀደድኩ። ስለዚህ የሆነውን አያውቁም። የተሰረዝኩ ዕለት አዛዡ አምስት ወር ሙሉ ምትክ አልጠብቅም ብሎ ማዎሊንን ከሜዳው ዳር ጠርቶ ጦር አስያዘው። በዚያው ቀን መዝገብ ቤቱ ደግሞ "ከኬ ቤት ምትክ ይላክ" ብሎ ወደ እናንተ አውራጃ ጻፈ። አንዱ የሠራውን ለሌላው አልነገረም። ያንን ትእዛዝ የላከው እኔ አይደለሁም። የእናንተ አውራጃ ዮንግቼንን ያገኘው ከድሮው መዝገብ ተነሥቶ ነው። ማመን የእርስዎ ፈንታ ነው።

ዮንግቼንን ያመጡት ሎሌዎች ለመዝገብ ቤቱ ሲያስረክቡት እዚያው ነበርኩ። ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ "ይህ ቦታ ተሞልቷል" አለ። "እንግዲያው ልጁ ይመለስ" አልኩ። ቀና ብሎ አየኝ። "አንድ ጠየቅን፣ ሁለት መጣልን። ሲተርፍ ይመለሳል ያለህ ማነው?" አለኝና ስሙን ጻፈ።

እኔው ቤት ነው ያለው። አንገቱ ቆስሎ ነበር፤ ባለቤቴ በየቀኑ ታጥበዋለች። የመጀመሪያ ቀን ሦስት ሳህን ሩዝ በላና ሳህኑ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ከማዎሊን ጋር አጀማመራቸው ክፉ ነበር። ማዎሊን በሩ ላይ ቆሞ "የኔ ምትክ ነህ የሚባለው አንተ ነህ?" ሲለው፣ ዮንግቼን "አይደለሁም፤ አንተ ነህ የኔ ምትክ። ደግሞ በትውልድ ቆጠራ አጎትህ ነኝ፣ አንቱ በለኝ" አለው። ተያያዙ። ባለቤቴ ውኃ ደፋችባቸው። አሁን አንድ ብርድ ልብስ ይጋራሉ፤ ማዎሊን ሊያበሽቀው ሲፈልግ "አጎቴ፣ እርስዎ ያንኮራፋሉ" ይለዋል።

ሁለት ሰው ከአንድ ቤት መውሰድ በራሳቸው ሕግ ስሕተት ነው። እኔ ከዚህ አቤት እላለሁ። እርስዎም ከዚያ አቤት ይበሉ። ተጣልተን መቆየት እንችላለን፤ መጀመሪያ ግን ልጆቹን እናስፈታ።

ሹንፉ


ፋንግታንግ
በስምንተኛው ዓመት፣ አንደኛ ወር

ለልጄ ለሹንፉ፦

ዕድሜና ጤና ይስጥህ። የሚስትህን እጅ አባቶች ይባርኩ፤ የልጄን አንገት ያጠበች እጅ አትታመም።

አምኜሃለሁ አልልም፣ አላመንኩህም አልልም። ግን ወደ አውራጃ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ።

ጸሐፊው ወጣት ነው፤ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ሰማኝ። "እማማ፣ ልጅሽን የላክነው በትእዛዝ ነው። ትእዛዙን የሰጠው ዩናን ነው። ለዩናን አመልክቺ" አለኝ። ዩናን ደግሞ ሰው የላካችሁት እናንተ ናችሁ ይላል ብለው፣ "እንግዲያው ለበላይ አመልክቺ" አለኝ። የበላዩ የሚቀመጠው ዋናው ከተማ ነው። ቀጥሎ የተባባልነውን መምህር ጎንግ እንዳለ ጽፈውታል፤ እየሳቁ ነው የጻፉት፣ እኔ ግን አልሳቅኩም።

"ወደ ዋናው ከተማ ልሂድ።"

"ከሁለት ቀን መንገድ፣ ከመቶ ሊ በላይ የሚሄድ ሰው የይለፍ ወረቀት ያስፈልገዋል።"

"ወረቀቱን የሚሰጠው ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"ስጠኝ።"

"የጉዞሽ ምክንያት ምን ተብሎ ይጻፍ?"

"አንተን ልከስስ።"

አልሰጠኝም። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ፤ በሦስተኛው በረኛው በሩቅ ሲያየኝ በሩን ዘጋ። በመጨረሻ አቤቱታውን መምህር ጎንግ ጽፈው ለሹመት ፈተና ወደ ዋናው ከተማ በሚሄድ ደቀ መዝሙራቸው እጅ ልከውታል። ለፈተና ለሚሄድ ወረቀት ይሰጣሉ።

ዮንግቼን አሁንም ያስለዋል? ያኔ የጻፍኩልህ ሳል ውሸት ነበር፤ አሁን ግን እውነተኛ እንዳይሆን ፈራሁ። ጥጥ የተሞላ ኮት ልኬለታለሁ። ለማዎሊንም አንድ ሰፍቻለሁ፤ ልኩን ስለማላውቅ በዮንግቼን ልክ ነው።

አክስትህ ሉዎ


ሺኬ ጦር ሰፈር
በስምንተኛው ዓመት፣ አሥራ አንደኛ ወር

ለተከበሩ አክስቴ፦

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ደብዳቤ ተቀምጠው ያስነብቡ።

የአቤቱታው መልስ መጣ። ስሕተት መሆኑን አምነዋል። ከሁለቱ አንዱ ይለቀቅ፣ የትኛው እንደሚለቀቅም የቤተሰቡ ታላቅ በአሥር ቀን ውስጥ ይናገር ይላል። ካልተናገረ ሁለቱም ይቆያሉ። አሥር ቀን! የእኔ ደብዳቤ ከዚህ ሸለቆ እንኳ አይወጣም በአሥር ቀን።

እዚህ የቤተሰቡ ታላቅ እኔ ነኝ።

የልጄን ስም ሰጠሁ። ማዎሊን አልኩ። ዮንግቼን አጠገቤ ቆሞ ነበር፤ ሳይሰማ በጓሮ አላደረግኩትም። ስንወጣ "ጋሼ ሹንፉ፣ እናቴም ብትሆን የኔን ስም ነበር የምትሰጠው" አለኝ። ከዚያ ሄዶ እንጨት ፈለጠ። የፈለጠው ለክረምቱ ሁሉ ይበቃል።

ቀጥሎ የመጣውን ይስሙ። ማዎሊን ወታደር ካልሆነ፣ እንደኔ አገልግሎም ካልተሰናበተ፣ ሰፈር ውስጥ መኖር አይችልም፤ የተለቀቀ ሰው ወደ ትውልድ አገሩ ይመለስ ይላል ትእዛዙ። "ትውልዱ እዚህ ነው፣ እዚያች ቤት ነው የተወለደው" ብዬ በጣቴ አሳየሁት። ጸሐፊው "መዝገብ ላይ አገሩ ፋንግታንግ ነው" አለኝ። ልጄን አስፈትቼ ልጄን ተቀማሁ። እናቱ ሦስት ቀን አልበላችም። ነገ በሁለት ሎሌ ታጅቦ ይሄዳል፤ ይህን ደብዳቤም የሚያደርስልዎ እሱ ነው። የሰፉለትን ኮት ለብሷል፤ ትከሻው ላይ ይሰፋዋል።

አልጋ እንደሌለ አውቃለሁ። መሬትም ቢሆን ይተኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። ዮንግቼን ከነጋዴዎች ጋር ስለ መንገድ ሲጠያይቅ፣ የትኛው ኬላ እንደሚያዝ፣ የትኛው ወንዝ በእግር እንደሚሻገሩት ሲያጣራ አይቻለሁ። አይቼ እንዳላየሁ ሆኛለሁ። ማድረግ የምችለው ይህን ብቻ ነው። እርስዎም በጓሮ በኩል ያለውን በር አይቆልፉት።

ሹንፉ


ፋንግታንግ
በዘጠነኛው ዓመት፣ ስድስተኛ ወር

ለልጄ ለሹንፉ፦

ሰላም ላንተ፣ ለባለቤትህም። ንገራት፤ ልጇ ደርሷል።

ሎሌዎቹ ደጄ ላይ ጥለውት የጣቴን አሻራ ተቀብለው ሄዱ። ልጁ ግቢው መሐል ቆሞ ዙሪያውን ያያል። ስንናገር ግማሹን አይሰማንም፤ እኛም የሱን ግማሽ አንሰማም። ሰዉ መንገድ ላይ "የዩናኑ" ይለዋል። ያንተን ደብዳቤ ይዞ የመጣው ራሱ ነው፤ እስኪያልቅ አስነበብኩ። የልጄን ስም እንዳልሰጠህ ስሰማ ተነሥቼ ወደ ጓዳ ገባሁ። ቆየሁ። ስመለስ አሁንም እዚያው ቆሟል፤ ተቀመጥ ያለው ሰው ስለሌለ። "ግባ፣ ብላ" አልኩት። የዮንግቼን አልጋ ላይ አስተኛሁት። እንደ እሱ ያንኮራፋል።

ሳይነገረው የአዳራሹን ጣሪያ ጠገነ። መምህር ጎንግ ዘንድ ይሄዳል፤ ትልቅ ሰው ከሕፃናት ጋር ተቀምጦ ያነብባል። ሲስቁበት አብሮ ይስቃል።

ስለ በሩ የጻፍከው ገብቶኛል። ደብዳቤህ ከመጣ ጀምሮ አልቆለፍኩትም። ውሻ በጮኸ ቁጥር እነሣ ነበር።

ባለፈው ወር ግን ማዎሊንን ላስመዘግብ ወደዚያ ጸሐፊ ዘንድ ወሰድኩት። ዘንድሮ በሩን አልዘጋብኝም፤ እንዲያውም ወንበር ሰጠኝ። ስሙን ጽፎ ሲጨርስ "ጥሩ ነው፣ የኬ ቤት አሁን ተጠባባቂ ወንድ አለው" አለኝ። ተጠባባቂ ማለት ምን ማለት ነው ብለው፣ "ዩናን ያለው ቢሞት ወይም ቢጠፋ ይህኛው ይሄዳል። እንደ ድሮው መዝገብ ስንበረብር አንውልም፤ ቤቱን እናውቀዋለን" አለኝ። ልጁ አጠገቤ ነበር፤ ቋንቋችንን አሁን አሁን ይሰማል። ወደ ቤት ስንመለስ ዘንቢሌን ከእጄ ወሰደልኝ።

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ መምህር ጎንግን ሦስት ጊዜ አስጠርቼ ሦስት ጊዜ ሂዱ አልኳቸው። ዛሬ አራተኛዬ ነው። ማዎሊን ውጭ ሩዝ እየወቀጠ ነው፤ ይሰማኛል።

ሹንፉ፣ ዮንግቼንን ያዘው። መንገድ አታሳየው፤ አይተህ እንዳላየህ አትሁን። የሚያስፈልግ ከሆነ ለአዛዡ ንገር። በሩን ቆልፌዋለሁ።

ይህን ያለችው እናቱ መሆኗን ንገረው። ያንተ ሐሳብ እንዳይመስለው።

አክስትህ ሉዎ